እየሰማሁዎት ነው

ጎባ ያሉት አባታችን ሕመሙ ሲጠናባቸው እኔንና ወንድሜን አስጠሩን። «ታላቅ ወንድማችሁ ለምን ከቤት ወጥቶ እንደቀረ ዛሬ ልንገራችሁ» አሉን። ገና ሲጀምሩ የወንድሜ ስልክ ጠራ። ሮቤ ከተማ የእህል ነጋዴ ነው፤ በኦሮምኛ «ቶሌ፣ ቶሌ»፣ እሺ፣ እሺ እያለ በስንዴ ዋጋ መከራከር ያዘ።

«ዝጋው እንጂ!» አልኩት።

«ይቀጥሉ አባባ፣ እየሰማሁዎት ነው» ብሎ ወሬውን ቀጠለ።

አባባ ትክ ብለው አዩትና ዝም አሉ። «ለእኔ ይንገሩኝ» ብዬ ብለምናቸው፣ «ለሁለታችሁም ነው የምናገረው» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወንድሜ ስልኩን ሳይዘጋ ግንባራቸውን ስሞ እየተጣደፈ ወጣ። አባባ ሳይነጋ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ወንድሜ ጠጋ ብሎ፣ «ያን ጊዜ የነገሩን ነገር እውነት ይመስልሃል?» አለኝ።