የሺራ መብረቅና የእኔ እርጥብ ጨርቅ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሴት መብረቅ ሲያጓራ ነጠላዋን ትከናነባለች እንጂ መብረቅ ልሥራ ብላ አትቀመጥም፤ የወንድሜ ልጅ ሺራ ግን፣ ስሙኝማ፣ እዚችው ቂርያት ጋት ከተማ፣ ሳሎኔ ውስጥ ተቀመጠች! የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ፣ እዚህ አገር ባግሩት የሚሉት የመልቀቂያ ፈተና ሥራዋ ነው። ታዲያ መብረቁን ለሚወረውረው መሣሪያ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ላይ እንደ ጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ሺህ ጊዜ ይጠመጠማል፤ አንዱ ዙር አንዱን ይነካል እንጂ አይደረብም፣ ክፍተትም አይኖረውም። እሷ ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ በጠሰችው፤ የቀራት አንድ ጥቅል ሽቦ፣ ፈታኙ የሚመጣው ሐሙስ!

"አክስቴ፣ አለቀልኝ!" ብላ ታለቅሳለች።

"ወዲያ! ፊደል ባልቆጥር ስፌት አልሰፋሁም? አምጪው!" አልኳት።

እና ቱቦውን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ እሷ እያዞረች፣ እኔ በአውራ ጣቴ እየገፋሁ፣ ዙር በዙር፣ ዙር በዙር፣ ኧረ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ግማሽ ስንደርስ ውሃ ልትጠጣ ተነሣች፤ እኔ ደግሞ አክርማ ሳይረጥብ የት ይሰፋል ብዬ፣ ሽቦውን በእርጥብ ጨርቅ እያሻሸሁ ብቻዬን ቀጠልኩ።

ስትመለስ ጮኸች፦ "አክስቴ! ምን እያደረጉ ነው?"

"እያለሰለስኩት ነዋ!"

"መዳብ እኮ ነው፣ ሣር አይደለም! ውሃው ከሥር ከቀረ፣ ቫርኒሽ ስንቀባው ታፍኖ ይቀራል፤ ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ከዙር ዙር እየዘለለ ያቃጥለዋል!"

ታዲያ ምን ይደረግ፣ እርጥቡን ሁሉ ቀስ ብለን ፈታን፤ እሷ እንዳይቆላለፍ ጥቅሉ ላይ እየመለሰች፣ እኔ በደረቅ ጨርቅ እየጠረግሁ። በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታነው፤ እና በማግስቱ እንደገና፣ በደረቅ እጅ! አልተበጠሰም፣ እልል! ከዚያ ቫርኒሹን ስስ አድርጋ ቀባች፣ ደረቀ፣ ደገመች፣ ደረቀ፣ ሠለሰች።

"ወፈር አድርጊው እንጂ!" ብላት፦

"ከላይ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ትናንት የሆነውን ረሱት?"

"ሂጂ ወዲያ!"

ሐሙስ ትምህርት ቤቷ ይዛኝ ሄደች። "ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ!" አለችና ኤሌክትሪኩን ለቀቀችው፤ ዟ! ዟ! ዟ! ሐምራዊ መብረቅ ከቱቦው አናት እየተወረወረ፣ በእጇ የያዘችው የመብራት ዘንግ ያለ ገመድ ቦግ! እልልታዬን ለቀቅሁት፤ ማን ዝም ይላል?

ከጠፋ በኋላ ፈታኙ ጎንበስ ብሎ ዙሩን አየ፣ አየ፣ መነጽሩን አውልቆ ደግሞ አየ። "ይህን የጠመጠመው ማሽን የየት አገር ነው?" አላት።

ሺራ እጄን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችኝና፦ "የጎንደር! አክስቴ ናቸው!"

አለፈች ወይ ትሉኛላችሁ? የጎንደር ማሽን ይዛ ትወድቃለች እንዴ! ሃሃሃ!