የሚነድ ብረት

የግቢዬ በር ማጠፊያ ተሰብሮ ወደ ጋሽ ብረቱ ብረታ ብረት ቤት ጎራ አልኩ። ስማቸውን ያወጣንላቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። ስገባ ክርክር ጠበቀኝ። የወንድማቸው ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ፣ የኮምፕሬሰሩን የአየር ጎማ ጨብጣ አልለቅም ብላለች። በያጁ ልጃቸው ደግሞ ጥግ ላይ ጭምብሉን አጥልቆ ብረት ይበይዳል።

"እንኳን መጣህ! አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ገላግለኝ" አሉኝ። "ማታ ማታ የብረት ብናኙን በአየር አራግፌ ነው የምዘጋው። ይቺ ግን ብረት ይነዳል ትለኛለች!"

ሳቄ መጣ። ብረት ይቀልጣል እንጂ ይነዳል ሲባል ሰምቼ አላውቅማ።

"አጎቴ፣ ልጅዎ እሳት ይዞ ቆሞ ያንን ብናኝ አየር ላይ ሲበትኑት እንዴት ዝም ልበል?" አለች።

"ዕድሜዬን ሙሉ በትኛለሁ። ምን ሆንኩ?"

"እስከ ዛሬ ስላልሆነ ነገም አይሆንም ማለት ነው?"

"እንግዲያውስ ይኸው ፌሮ፣ አንድጂው!"

ልጅቷ አልተቆጣችም። የፌሮውን ዘንግ ደጅ ይዛ ወጥታ በክብሪት ለበለበችው፤ ጠቆረ እንጂ አልነደደም። ጋሽ ብረቱ በድል አድራጊነት አዩኝ። ቀጥላ መወልወያውን፣ እንደ ጥጥ የሳሳውን የብረት ሱፍ፣ አንስታ ክብሪቱን አስነካችው። ቀይ ፍም በክሮቹ ውስጥ ሽው እያለ ሮጠ፤ ሱፉ ዓይናችን እያየ ነደደ። እኔ ክው አልኩ።

"ዘይት ነክቶት ነው!" አሉ ጋሽ ብረቱ፣ ድምፃቸው ግን ቀንሷል።

"አዲሱን ከማሸጊያው ራስዎ ያውጡና ይለኩሱት።"

ለኮሱት። ያም ነደደ። ክብሪቱ ጣታቸውን እስኪለበልባቸው ድረስ አፍጥጠው ቀሩ።

"ኧረ ጉድ! ብረቱ ያው አንድ አይደለም እንዴ?"

"አንድ ነው አጎቴ። ግንድ በክብሪት አይያያዝም፤ ስንጥሩ ግን ወዲያው ይያያዛል። ብረትም ሲደቅ አየር የሚነካው ገላው ይበዛል። ትምህርት ቤት ብረትን፣ መዳብንና ኒኬልን የሽግግር ብረቶች ብለን እንማራቸዋለን። ናኖ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ሲሆኑ ጠባያቸው ይለወጣል፤ ወርቅ እንኳን ቀይ ይሆናል። ብረት እንዲያ ከደቀቀ ያለ ክብሪት፣ አየር ስለነካው ብቻ፣ ይነዳል። የእርስዎ ብናኝ ያን ያህል አልደቀቀም፤ እሳት ለመያዝ ግን ይበቃዋል።"

"ያለ ክብሪት?" አልኩ እኔ፣ የተማርኩት ሰው።

ጋሽ ብረቱ አልሰሙኝም። በበሩ በኩል አንገታቸውን አቅንተው የቤቱን ጣሪያ ያያሉ። በወራጆቹ ላይ የዓመታት ብናኝ እንደ ጥቁር ዱቄት ተቆልሏል። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ከጣሪያው ወረደና ከሥሩ የእሳት ፍንጣሪ በሚረጨው ልጃቸው ላይ አረፈ።

"አጥፋው! ልጄ፣ አጥፋው! ውጣ!"

በያጁ ደንግጦ ጭምብሉን ገለጠ። አባቱ እጁን ይዘው ጎትተው አወጡትና መሬት ላይ ተቀመጡ። "ልጄን ባሩድ ቤት ነው ያሳደግኩት" አሉ። እንባቸውን አልደበቁም።

ልብ በሉ፣ ፈውሱ ቀላል ነበር። የመሞረጃና የብየዳ ቦታ ይለያል፤ ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ እየተጠረገ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ደጅ ይቀመጣል። ይህን ያደረገ ሰው ከእሳት ይድናል፣ ሳንባውም ከሳል ያርፋል፣ ልጁንም በሰላም ወደ ቤቱ ይመልሳል። ሽማግሌን ከታናሽ መማር አያሳንሰውም፤ የሚያሳንሰው እያየ አላየሁም ማለት ነው።

ልጅቷ ውኃ አቀበለቻቸው። ገና አንዴ ሳይጎነጩ ከግድግዳው ማዶ፣ ከጎረቤቱ ብረት ሠሪ ቤት፣ የኮምፕሬሰር አየር ሿሿታ ተሰማ። ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። ሲሮጡ አይተናቸው የማናውቃቸው ሰውዬ፣ በባዶ እጃቸው፣ "አየሩን ዝጉት!" እያሉ እየጮኹ ወደዚያ ሮጡ።