የእውነት የመጨረሻ

«ዛሬ ነፋሱስ እንዴት ነው እባክሽ! መስኮቱን ልዝጋው እንዴ? ተይው፣ ትንሽ አየር ይግባ። ሻርፕሽ ደግሞ እንዴት ያምራል! አዲስ ነው?»

ዋጋ ተማኟ ይህን የምትለው ለንድፍ ሠሪዋ ነው። ንድፍ ሠሪዋ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ፎቶ ኮፒ ክፍል ተዛውራለች። ለምን እንደሆነ ቢሮው በሙሉ ያውቃል። የአዲሱ ክሊኒክ ግንበኞች የተሰጣቸውን ንድፍ አምነው ደረጃ ቢሠሩ፣ ደረጃው ሄዶ ሄዶ በር የሌለው ግድግዳ ላይ አለቀ። የተላከላቸው ለካ የተተወው የድሮ ንድፍ ኖሯል። ሥራ አስኪያጁ እንደ እሳት ሲነድ የክፍሉ ኃላፊ፣ «እኔ እሷ የሰጠችኝን ነው የላክሁት» አለና ነገሩ በልጅቷ ላይ ተደፈደፈ።

ኃላፊው አሁን ከሁለቱ ሴቶች ጀርባ ተቀምጧል። የሚለያቸው አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው። ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተክሎ ያልሰማ መስሏል፤ ጆሮው ግን ቆሟል።

«አይዞሽ የኔ እናት፣ ሰው ይሳሳታል... አንዳንዱ ደግሞ አይሳሳትም። አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ በሕይወቱ ተሳስቶ አያውቅም። አጠገቡ ያሉት ናቸው የሚሳሳቱለት። መታደል እኮ ነው! ኮምፒውተሩን ባየሽለት... እኛ ምስኪኖቹ የቤቱን ለብቻ፣ የሥራውን ለብቻ፣ ቀን እየጻፍን ስናስቀምጥ እንውላለን። ምን ጠቀመን? ፎልደርን በአማርኛ ‹አቃፊ› ይሉት የለ? የሱ እውነትም ሁሉን አቃፊ ነው! የክሊኒክ ንድፍ፣ የሚዜነት ቪዲዮ፣ የግንባታ ውል፣ በካናቴራ ጡንቻውን አሳይቶ የተነሳው ፎቶ... ሁሉም ተቃቅፈው ያድራሉ። ሰላም ማለት ይሄ አይደል?»

ኃላፊው ስክሪኑን አየ። ከጥግ እስከ ጥግ በፋይል ተሸፍኗል፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «የእውነት የመጨረሻ»፣ «ይሄኛው»። ድምፅ ሳያሰማ አንድ በአንድ ይከፍት ጀመር።

«ደግሞ ተስፋ አይቆርጥም! ሌላው ሰው አንዴ ‹የመጨረሻ› ካለ አበቃለት። እሱ ግን መጨረሻ የለውም... ትጋቱን ማለቴ ነው። ፋይል ጠፋ ሲሉትስ ይደነግጣል? ምን በወጣው! አውቆ የጠፋን ቢፈልጉት አይገኝም። ‹ከአያያዝ ይቀደዳል› ይላሉ... እሱ እንኳ አያያዝ ያውቅበታል። ማስያዝም ያውቅበታል። ታዲያ ትልቅ ደረጃ ደረሰ ብለሽ ይገርምሻል? እንዲህ ያለው ካልደረሰ ማን ሊደርስ ነው! በይ ፕላስተሩን አቀብይኝ፣ እኔ ላሽግልሽ።»

ንድፍ ሠሪዋ አንገቷን እንደደፋች አቀበለቻት። ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ በመደርደሪያው ክፍተት ታየው። ትሳቅ ታልቅስ አልለየለትም።

«ሙዚቃ ለመኪና» የሚል ፎልደር ውስጥ አገኘው። የታረመው ንድፍ ነው፤ በሩ ቦታው ላይ አለ። ልጅቷ የላከችለት ግንበኞቹ ሲሚንቶ ሳያቦኩ በፊት ነበር። በቸልታ አውርዶ እዚያ የከተተው ራሱ ነው። ጆሮው ድረስ ጋለ። ለሥራ አስኪያጁ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ ትክክለኛውን ልካልኛለች» ብሎ ጻፈና ፋይሉን አያያዘ። ወዲያው ወንበሩን አሰበና አጠፋው። መልሶ ጻፈው። ጣቱ «ላክ» ከሚለው ላይ ደርሶ ቀረ።

«ምነው እህቴ፣ ሐሜት መሰለሽ እንዴ? ኧረ እኔስ ወድጄው ነው! ሰው ያለ ሞያው አይመሰገንም። እኔ ብሆን የሰው እንጀራ ነክቼ ምሳ አይወርድልኝም ነበር... እሱ ግን ትናንት ሁለት ጊዜ አስጨመረ አሉ። ጤና ነው! ጤና ከሁሉ ይበልጣል።»

ካርቶኑን አሽጋ አነሳችው፤ ንድፍ ሠሪዋ እንድትሸከመው አልፈቀደችላትም። በኃላፊው ጠረጴዛ አጠገብ ሲያልፉ ዞር ብላም አላየችው። እሱም ቀና አላለም፤ ለነገ ባሳድረው ምን አለበት እያለ ከራሱ ጋር ይሟገት ነበር። ያንን ጣት «ላክ» ላይ ያስጫነው ሴትዮዋ ከበሩ ስትደርስ ለልጅቷ ጮክ ብላ ያወረደችው ምርቃት ነው፦

«ውይ፣ ሳልነግርሽ! የዚያ የምልሽ ሰው ሚስት በሰላም ተገላገለች እኮ። ወንድ ልጅ! እልል ነው! እግዜር ያሳድግለት... ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት... አድጎም ቁርጥ አባቱን ይሁንለት።»