በታንክ ዱካ ያደጉ ጉርጦች

ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲሁም እዚህ ውስጥ ራሱን እንደ ወጣት የሚቆጥር ካለ፤

ይህን ሽኝት ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ማቪስ፣ ስለ ኬኩም አመሰግናለሁ፤ ድምፄ እንዳይዘጋ ብዬ የምቀምሰው ከንግግሩ በኋላ ነው።

በብራክሌ ሜዳ ጥበቃ ቡድን አንድ ዓመት ሠራሁ። ከሁላችሁም ታናሽ እኔ ነኝ፤ በዕድሜ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ባልደረባችን ጡረታ የወጣው ባለፈው ፋሲካ ነው።

ስመጣ ምን ነበር የነገራችሁኝ? በታንክ ይለማመድበት የነበረው ሠራዊት ሜዳውን ለሕዝብ መልሶ ሲሄድ፣ እሾሃማ ሽቦውን በጭብጨባ ነቀላችሁ። ከዚያስ? ሌላ አጥር አጠራችሁ! "ለእንስሳቱ ጸጥታ ነው" አላችሁኝ። ጸጥታውማ ነበረ፤ ሜዳው የሚጠበቅላቸው ጉርጦች ግን አልነበሩም።

በዚያ ጸጥታ ሣሩ ሁሉን ወረሰው፤ ውሃ የሚያቁሩት ጉድጓዶች ተደፈኑ። ወረዳውም "በዚህ ጸደይ ጉርጥ ካልተገኘ ጥበቃው ይነሳል፤ መሬቱ ለጥድ ተከላ ይሰጣል" አለ።

ጉርጦቹ ድሮ እንቁላል የሚጥሉት የት ነበር? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር? ታንኩ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

ወይዘሮ ማቪስ በወጣትነታቸው ሠራዊቱ ከሜዳው ይውጣ ብለው ከታንክ ፊት ተኝተው ፖሊስ አንጠልጥሎ ያነሳቸው ሴት ናቸው። ታንኩን ይነዱ የነበሩት ደግሞ እዚያ ጥግ ኬክ እየበሉ ያሉት አስር አለቃ ነቪል። ሁለቱ መዶሻ እንኳ የሚቀባበሉት በእኔ በኩል ነበር።

በየካቲቱ ስብሰባ ወይዘሮ ማቪስ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ "ምናልባት አንድ ከባድ ነገር ሜዳው ላይ ቢነዳ..." አሉ።

"ምን ዓይነት ነገር?" አሉ አስር አለቃ። ገብቷቸዋል እኮ!

"ታውቀዋለህ።"

"ከአፍሽ ልስማው።"

"ታንክ! አንተ ግትር ሽማግሌ፣ ታንክ!"

ታንክ ከየት ይምጣ? ከጎረቤት ገበሬ ባለ ሰንሰለት ዶዘር ተዋስን። አስር አለቃ ነዱ፤ ወይዘሮ ማቪስ ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ "እዚህ ጋ! ጠለቅ አድርገው! ድሮ እንዲህ ለስላሳ አልነበርክም!" እያሉ አዘዙ።

"ድሮማ ትተኚልኝ ነበር፤ አሁን ማን አስነሳሽ?" አሏቸው።

ሚያዝያ ላይ ዘነበ፤ እንግሊዝ አይደል ያለነው! አንድ ጠዋት ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብል፣ በክር እንደተሰካ ጥቁር ዶቃ እንቁላሉ ውሃው ውስጥ ተዘርግቷል። ጮህኩ። ሁለቱም እየሮጡ መጥተው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። መሮጥ ካላችሁት ነው እንግዲህ። ለማንሳት ግን ሁለቱንም መጎተት ነበረብኝ።

ጥበቃው ጸና። ጸጥታው እንዳልጠቀመ ስለታየም አጥሩ ተነሥቶ የእግር መንገዱ ለሕዝብ ተከፈተ።

እኔ ነገ ወደ ኮሌጅ እሄዳለሁ። ጉድጓዶቹ ግን እንደገና መደፈናቸው አይቀርም፤ በየጊዜው የሚቆፍራቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ፤ ዝናቡ በወቅቱ ይምጣላችሁ፤ ሜዳው ለልጅ ልጆቻችሁ ይትረፍ። እናንተን ሁለታችሁን ደግሞ፣ ወይዘሮ ማቪስና አስር አለቃ፣ እግዜር ፈጽሞ አያስታርቃችሁ። የተስማማችሁ ዕለት ሣሩ ይወርሰናል።