የጌሙ ጀግና ስም

በሚኒባስ ከደብረ ታቦር ስንወጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ያለውን ወጣት ስልክ አየች።

«ይኼን ጌም ወንድሜም ይጫወተው ነበር።»

«የድሮ የጌም ቤት ጌም እኮ ነው! ሁሉም ኳስ ሲጫወት፣ እሱን የምንወደው እኔና ደሳለኝ ብቻ ነበርን።»

«ደሳለኝ እኮ ነው ወንድሜ።»

«እንዴ! ደህና ነው?»

«አረፈ። የሙት ዓመቱ ደርሷል።»

«ውይ… ነፍስ ይማር። ቋንቋው ባይገባንም መጨረሻው ላይ ያስለቅሰን ነበር። ደሳለኝ የጌሙን ጀግና በራሱ የክርስትና ስም ነበር የሚጠራው።»

«ስሙን ታስታውሰዋለህ? እናታችን ስላረፈች፣ ለፍትሐቱ ቄሱ ሲጠይቁን የሚያውቀው ጠፋ።»

«ኃይለ ገብርኤል።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

«ኃይለ ገብርኤል።»

እኔም አንበሳሜ እስክንደርስ ስሙን በልቤ ስደጋግም ቆየሁ።