በኮላ ሊያጣብቃቸው

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ግን ቦንጋ ላይ ስለ መሬትና ስለ ድሃ መብት የሚያወሩ መጻሕፍት ትሸጣለች። ከሱቋ ጓሮ ባለችው አዳራሽ ወጣቶች ቲያትር ይለማመዳሉ። ገዢ ስለጠፋ ኪራይ አቅቶናል። ሱቁ ጭር ሲል ታነብልኛለች፤ ከገጠር ከዋጫ ለገበያ የመጣ ገበሬም አብሮኝ ያዳምጣል።

በቀደም ሆቴል ያሠራ ነጋዴ መጣ። አንዱንም ሳይገልጥ፣ "ወፋፍራሞቹን በሙሉ ጫኑልኝ" አለ። ልጄ ደስ ብሏት ካርቶን ውስጥ ትደረድር ጀመር።

"ጎሽ፣ እንግዶችህ ያነቧቸዋል" አልኩት።

ሳቀ። "ጋሼ ደግሞ! ማን ያነባል? ለእንግዳ መቀበያው ጌጥ ነው። እንዳይሰረቁ እርስ በርስ በኮላ አጣብቃቸዋለሁ።"

ደሜ ፈላ። ካርቶኑን ሊያነሳ ሲል ከእጁ ነጠቅኩት።

"ለጌጥ ከሆነ ጡብ ደርድር! እኔ ሳላነብ አረጀሁ፤ አንተ ማንበብ የምትችለው ልታጣብቀው ነው? ውጣ!"

"ከነመጻሕፍታችሁ ተራቡ!" ብሎ ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።

ልጄ እንደ ቆመች ቀረች። "አባዬ፣ ኪራዩን በምን ልንከፍል ነው?"

ከካርቶኑ ስታነብልኝ የሰነበተችውን ወፍራም መጽሐፍ አወጣሁና ሰጠኋት።

"ትናንት ካቆምሽበት ቀጥዪ" አልኳት።