የሚደግፍ ቀበቶና የሚያንቅ ቀበቶ

ከአዲስ አበባ ተነሥታ ወደ ቡታጅራ የምትወርደው አውቶቡስ ጥያ መንደር ጫፍ ላይ ስትደርስ የኋላ ጎማዋ ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን ዞር ዞር ብሎ አየና መንገደኞቹ ሻይ እየጠጡ እንዲጠብቁት ነገራቸው። ጊዜው የሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ማለቂያ ነበር። ከተራራው የወረደ ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ጥንት የተተከሉት ድንጋዮች አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ይላሉ፤ ሲያዩዋቸው በዝግታ የሚራመዱ ሰዎች ይመስላሉ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሻይ ቤት ሲገባ አንድ ሽማግሌ ብቻ ደጅ ቀሩ። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻሉም ነበርና። አቶ ሸምሶ ይባላሉ። የመስቃን ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ጎጆ ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። ባለፈው ጥር ግን ምሰሶ ሊያነሡ ጎንበስ ባሉበት ወገባቸው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀኝ መቀመጫቸው የሚነሣ ሕመም በጭናቸው ኋላ ወርዶ፣ ባታቸውን አልፎ፣ እስከ ትንሿ ጣታቸው ድረስ እንደ ጋለ ሽቦ ይስባቸዋል። ሕመሙ ዕረፍት ስለነሣቸው በጠራራ ፀሐይ፣ በቆሙበት፣ ዓይናቸው ገርበብ ይላል፤ ያን ጊዜ ሣር ከዳኙ ሸምሶ በደመና መካከል ሲመላለስ፣ እግሩም ክብደት አጥቶ ሲንሳፈፍ ይታያቸዋል።

አሁንም በጉሙ ውስጥ እንዲሁ ፈዘው ሳሉ፣

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ» የሚል የሴት ድምፅ ሰሙ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ።»

ነጭ ነጠላ የተከናነበች፣ ትንሽ ሻንጣ ያንጠለጠለች ወጣት ናት። «ምነው ብርድ ላይ ቆሙ? ውስጥ መቀመጫ አለ እኮ» አለቻቸው።

«መቀመጥ ብችል ማን ይጠላል! ወገቤ ነው። ግን ከዛሬ ወዲያ በቃው፤ መድኃኒቱን ታጥቄዋለሁ» አሉና ኮታቸውን ገለጥ አደረጉ። ከብብታቸው እስከ ዳሌያቸው የሚደርስ፣ አራት የብረት ዘንግ የተሰፋበት ወፍራም የቆዳ መታጠቂያ ነበር። መርካቶ ካለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዙት ነው። በጣም ከመጥበቁ የተነሣ የሽማግሌው ፊት ጠቁሯል፤ ሲናገሩም በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ወጣቲቱ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ፤ ሥራዬ ሆኖ ነው። ሳፊያ እባላለሁ። ቡታጅራ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነኝ፤ የበርበሬ ነጋዴው የአሚኑ ልጅ።»

«የአሚኑ ልጅ! የተወለድሽበትን ቤት የከደንኩት እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ዘመድ ነን። እንደ ዘመድ ልናገርና፣ ይህ የታጠቁት ነገር ለእርስዎ አልተሠራም።»

አቶ ሸምሶ ቅር አላቸው። «ሻጩ ባጠበቅኸው ቁጥር ይፈውስሃል ብሎኛል።»

«ሻጩ የሚያውቀው ዕቃውን ነው፤ የእርስዎን ወገብ አያውቅም።»

«ልጄ፣ እናንተ የተማራችሁ ሁሉን ነገር ከመጽሐፍ ትጀምራላችሁ። አባቴም ወገቡን ያመው ነበር። በጠፍር ጥፍንግ ብሎ ታስሮ ነበር የሚያርሰው። ብረትም አስተኩሷል።»

«ታዲያ ዳኑ?»

ሽማግሌው ወደ ጉሙ ተመለከቱ። «ጎብጦ ሞተ» አሉ ቀስ ብለው።

ሰው አዲስ ነገር ስለ ገዛ ብቻ አሳቡ አይታደስም። አቶ ሸምሶም እስከ መርካቶ ድረስ ሄደው ያመጡት የአባታቸውን ጠፍር ነበር፤ ብረት ተጨመረበት እንጂ። ሳፊያ ይህ ገባት፤ ስለዚህ ፈጥና አልተከራከረችም።

«አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ሽንት መያዝ ያቅትዎታል? መቀመጫዎ አካባቢ ይደነዝዝዎታል?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ይህን ለሴት ልጅ አልናገርም።»

«ለአሚኑ ልጅ አይንገሩ። ለድሬሰሯ ይንገሩ።»

አቶ ሸምሶ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለብኝም።»

«እግርዎስ? ሲራመዱ ጫማዎ መሬት ይጎትታል?»

«አይጎትትም። ያመኛል እንጂ ይታዘዘኛል።»

«ደግ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ኖሮ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይዤዎት እመለስ ነበር። አሁን ደግሞ ይህን መታጠቂያ ከታጠቁ ወዲህ የመጣ አዲስ ሕመም ካለ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጭናቸው ሰደዱ። ነበረ። ከጧት ጀምሮ የሁለቱም ጭኖቻቸው ውጭ ውጭው ደንዝዞ የሌላ ሰው ሥጋ መስሏቸዋል። የመድኃኒቱ መሥራት ምልክት ነው ብለው ራሳቸውን ሲያጽናኑ ነበር የመጡት። በመጨረሻ ነገሯት።

«እንግዲያው እንመርምረው። ማሰሪያውን ፈተው እስከ እነዚያ ድንጋዮች ድረስ ከእኔ ጋራ ቀስ እያሉ ይራመዱ። ውሸቴን ከሆነ መልሰው ይታጠቁታል።»

አቶ ሸምሶ እያመነቱ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ፈቱ። የመጨረሻው ሲፈታ ጉም የቀላቀለው ቀዝቃዛ አየር እስከ ሆዳቸው ዘለቀ። በእርጥቡ ሣር ላይ ጎን ለጎን ተራመዱ። የመንደሩ ድምፅ ራቀ፤ የሚሰማው የእግራቸው ኮቴ ብቻ ሆነ። ሦስተኛው ድንጋይ ዘንድ ሲደርሱ ጭናቸው ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ መሰላቸው። አራተኛው ዘንድ ጭናቸው የራሳቸው ጭን ሆነ። የቀኝ እግራቸው የጥንት ሕመም እንዳለ ነው፤ ነገር ግን ከቆሙበት ጊዜ ይልቅ ለዝቧል።

«መራመዱ ራሱ ያሻለኝ ይመስላል» አሉ በመገረም።

«አዎ። በልክ መንቀሳቀስ ለዚህ ሕመም ጥሩ ነው። መታጠቂያው ግን ለረጅምና ለወፍራም ሰው የተሠራ ነው፤ ታችኛው ጠርዙ ብሽሽትዎን ተጭኖ ለጭንዎ ስሜት የሚሰጠውን ነርቭ አፍኖታል።»

ይህን ሲሰሙ አቶ ሸምሶ በመደሰት ፈንታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ታዲያ ምን ይዤ ጣራ ልውጣ?» አሉ። «ከድጄ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ቤቷ ተቃጠለ። ከሦስት ልጆቿ ጋራ በሰው በረት ነው የምታድረው። ክረምት ሳይገባ እከድንልሻለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻታለሁ። ግድግዳው ቆሟል፤ ክዳኑ እኔን ይጠብቃል።»

ሳፊያ ጥቂት አሰበች። «አባባ፣ ደስ የማይል ነገር ልነግርዎ ነው። ማንኛውንም ቀበቶ ቢታጠቁ ዘንድሮ ጣራ መውጣት የለብዎትም። ጥሩ ቀበቶ ወገብን ለጊዜው ይደግፋል፣ ጎንበስ ሲሉም ቀስ በል ብሎ ያስታውሳል። የተጎዳውን አይጠግንም።»

«እንግዲህ እሳት ዳር ተቀምጬ አመድ ልጫር በይኛ!»

«እጅዎ ታሟል? ዓይንዎስ? አንደበትዎስ?»

«አልታመሙም።»

«ሌላ ሰው ይውጣ፤ እርስዎ ከታች ሆነው ያዝዙ።»

«የጣራውን ጫፍ አስተሳሰር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።»

«ሌሎቹ ለምን አያውቁም?»

«አላሳየኋቸውማ» አሉ አቶ ሸምሶ። አርባ ዓመት ሙሉ ጫፉን ሲያስሩ ሌሎቹን ሣር አምጡ እያሉ ወደ ታች ይልኳቸው ነበር። እንደ ሙያ ክብር የቆጠሩት ነገር በዚህ ጉም ውስጥ፣ በገዛ አፋቸው ሲነገር፣ የከድጄን ልጆች በረት ያስቀረ ንፍገት ሆኖ ተሰማቸው።

ጎማው ተቀይሮ አውቶቡሷ ስትነሣ አቶ ሸምሶ ከሳፊያ አጠገብ፣ ከጀርባቸው የተጠቀለለ ነጠላ ተደግፈው ተቀመጡ። አሁን የሚጠይቁት ለክርክር አልነበረም።

«ምን ዓይነቱን ልምረጥ?»

«ስፋቱ ከጎድንዎ በታች ጀምሮ ዳሌዎ አጥንት ላይ የሚያርፍ ይሁን፤ ሲቀመጡ ጭንዎን የሚወጋ ከሆነ አይውሰዱት። የገዛ ወገብዎ ይለካ። ውስጡ ላብ የሚመጥ ጨርቅ ይኑረው። ማሰሪያው በፊት በኩል ይሁን፣ ራስዎ እንዲያጠብቁና እንዲያላሉ። ብረት አያስፈልግዎትም።»

«ጥብቀቱስ?»

«መዳፍዎ በቀበቶውና በሸሚዝዎ መካከል ይግባ። ታጥቀው መሳቅ ካቃተዎት ጠብቋል ማለት ነው።»

«ሌትና ቀንስ ብታጠቀው ቶሎ አልድንም?»

«አይድኑም፤ ወገብዎ ሥራውን ይረሳል። ሥራ ላይ ሲቆሙ ሰዓት ሁለት ሰዓት ይታጠቁት፣ ሲተኙ ይፍቱት። በየቀኑ ይራመዱ። ዕቃ ሲያነሡ ጉልበትዎን አጥፈው ወደ ደረትዎ ያስጠጉ። ሕመሙ ሲቀንስ ቀበቶውን እየተዉት ይሂዱ። ከባሰብዎ ወይም ቅድም የጠየቅሁዎት ምልክት ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ።»

«ሶላቴን ቆሜ መስገድ አቅቶኛል።»

«በሚችሉት ይስገዱ። ይህንን ከእኔ ይልቅ ሼሆቹ ያውቁታል።»

በማግሥቱ ቡታጅራ ላይ ኮርቻ ሠሪው ሳኒ ወገባቸውን በክር ለካ። ከቆዳና ከአቡጀዲ የሰፋውን ቀበቶ ሲሞክሩ አቶ ሸምሶ መጀመሪያ ያደረጉት መሳቅ ነበር፤ ሳኒ ለምን እንደሚስቁ አልገባውም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ለከድጄ ቤት ደቦ ወጣ። አቶ ሸምሶ ቀበቶውን ከሸሚዛቸው በላይ ታጥቀው ከታች ቆሙ። ከላይ ሸረፋና ሙሀመድአወል የሚባሉ ሁለት ጎልማሶች ነበሩ። ሽማግሌው በሣር ጭብጥ ላይ እያሰሩ የጫፉን ቋጠሮ አሳዩአቸው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ሲደክማቸው ሰውን ሳያፍሩ ቀበቶውን ፈቱና ግማሹ በተከደነው ቤት ውስጥ ጉልበታቸውን አጥፈው ጋደም አሉ።

ከድጄ ውኃ ይዛ መጣች። «ወገብዎ ዳነልዎ፣ አባባ?»

«ገና ነው። ግን ሕመሙ አሁን ከጉልበቴ በታች አይወርድም፤ እተኛለሁ፣ እራመዳለሁ። አንቺም ወገብሽን ሲይዝሽ በመቀነት አታንቂው፤ ለሚያውቅ ሰው አሳዪው። ታንቆ የዳነ ወገብ አላየሁም። ቋጠሮውንም ቀድሜ ለእነዚህ ባሳያቸው ኖሮ ሦስት ወር ሙሉ በረት ባላሳደርኩሽ።»

ከድጄ ውኃውን አጠገባቸው አኖረች። ባልተከደነው በኩል የሚገባው ብርሃን በወጋግራዎቹ መካከል ወርዶ ደረታቸው ላይ ተንጣለለ። የሣሩ ሽታ፣ የሰዎቹ ድምፅ፣ የንፋሱ ሽውታ ቀስ በቀስ አንድ ላይ ተቀላቀለ፤ ሽማግሌው በጀርባቸው እንደተንጋለሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«አባባ ሸምሶ! ይህኛው ቋጠሮ እንዲህ ነው ወይ?» ብሎ ሸረፋ ከላይ ተጣራ።

ሁለቱ ጎልማሶች ወደ ታች አዩና እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሙሀመድአወል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያም ገመዱን ተቀባብለው ጫፉን ራሳቸው አሰሩት።